ድንጋዩን ማን ያንሣው?

ከውሸታችን እንጀምር።

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን የጓደኛችን ሠርግ ነበር። አምስት ሆነን፣ ከአንዳችን አጎት በተዋስናት አሮጌ ዲኤክስ ሄድን። በላን፣ ጨፈርን፣ ሙሽሮቹን ሸኘን። የሙሽራዋ እናት «እዚሁ እደሩ እንጂ ልጆቼ፣ የማታ መንገድ ምን ይሠራላችኋል?» ሲሉን «ነገ ሥራ አለብን» ብለን እምቢ አልን። ሸኖን አልፈን አለልቱ ሳንደርስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረች። የሚነዳው ጓደኛችን «ግድ የለም፣ አለልቱ ታደርሰናለች» አለ። አላደረሰችንም። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ተነሣና ሞተሩ ቀጥ አለ። ቺንጊያዋ ተበጥሳ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ መደረግ የሌለበትን ነገር ሁሉ በየተራ አደረግነው።

መኪናዋን ከአስፋልቱ አላወጣናትም፤ ግማሽ ጎኗ መንገድ ላይ ቀርቷል። ፍሬቻ አላበራንም፤ «ባትሪ ይጨርሳል» ተባለ። ጀግናው ጓደኛችን እጁን በጃኬቱ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ፤ የፈላው ውኃ ፈንጥቆ እስከ ክርኑ ለበለበው። የተቃጠለውን እጁን በጥርስ ሳሙና ለቀለቅነው። (ልብ በሉ፤ የጥርስ ሳሙና ይዘናል፣ ትሪያንግል ግን አልያዝንም።) ብርዱ ሲጠናብን ደግሞ ሦስታችን ተመልሰን መኪናዋ ውስጥ ገባንና በሩን ዘግተን ተቀመጥን። ወደ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ሠርተን ነበር። ሁላችንም አገር ያስተማረንን አደረግን፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ለቅመን ከዲኤክሷ ኋላ ደረደርን። አሥራ አንድ ድንጋይ ነበር። ቁጥሩን የምናውቀው አንዷ ጓደኛችን ብርዱን ለመርሳት ጮክ ብላ ትቆጥር ስለነበር ነው።

አንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና አልፎን ሄደና ራቅ ብሎ ከመንገዱ ወጥቶ ቆመ። ከጋቢናው የወረዱት ሹፌር በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው ናቸው። ሰላምታም አልሰጡንም። «ውጡ! እናንተ ልጆች፣ ከዚህች ሬሳ ሣጥን ውስጥ ውጡ!» አሉ። ረዳታቸውን የእጅ ባትሪና ትሪያንግል አስይዘው «መቶ እርምጃ ቁጠር» ብለው ወደ ኋላ ላኩት። እኛን ቦዩን አሻግረው ሜዳው ላይ አቆሙን። ከዚያ አንድ በአንድ እያዩን፣

«ተማሪዎች ናችሁ?»

«ተመርቀናል ጋሼ።»

«ምን ተምራችሁ?»

ማንም አልመለሰም። ከመካከላችን የጋዜጠኝነት ዲግሪ ያለን አለን፤ የምህንድስናም ነበር። በዚያች ሰዓት የትኛውም ለመናገር አያኮራም ነበር።

መኪናዋን ገፍተን ከአስፋልቱ አወጣናት። አራቱን ፍሬቻቸውን አብርተው፣ ቀስ ብለው ጎትተው አለልቱ ሊያደርሱን ተስማሙ። ልንነሣ ስንል ሰውዬው በጋቢናው መስኮት ብቅ አሉና ጠየቁን፤

«ድንጋዩን አነሣችሁ?»

«አዎ ጋሼ!»

ዋሸን። አላነሣንም። በርዶናል፣ ፈርተናል፣ ጨለማ ነው፤ ደግሞስ ማን ነው ድንጋይ የሚያነሣ?

በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ልናመጣ አለልቱ ስንሄድ ነገሩ አላስቻለንምና ቦታው ድረስ አለፍን። አሥራ አንዱ ድንጋይ ስድስት ሆኗል። ከስድስቱ አንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። አስፋልቱ ላይ ጠመም ብሎ ወደ ቦዩ የሚሄድ ጥቁር የጎማ ጭረት አለ። ቦዩ ውስጥ መኪና የለም፤ የተሰበረ መስታወትም አላየንም። አንድ እረኛ ጠየቅን። «ማታ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰምቻለሁ፣ አላየሁም» አለን። አምስቱን ድንጋይ ማን እንዳገኛቸው እስከ ዛሬ አናውቅም።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለዚህ ነው። ከላይ ሆነን ለመምከር አይደለም። የምንከስሰው ልማድ ላይ የራሳችን የጣት አሻራ አለበት።

መኪና መበላሸት አደጋ አይደለም

ክርክራችን አጭር ነው። መኪና ይበላሻል። ቺንጊያ ይበጠሳል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ባትሪ ይሞታል። በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የመጣችው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ መኪና እየተበላሸ ነው፤ ወደፊትም ይበላሻል። ብልሽት የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ብልሽቱን ወደ ቀብር የሚቀይረው መኪናው ከቆመ በኋላ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ረገድ፣ በመቶ ምናምን ዓመት ውስጥ፣ ከድንጋይና ከቅጠል ያለፈ ልማድ አላበጀንም።

ለቅጠሉ ፍትሐዊ እንሁን። መነሻው ብልሃት ነበር። ሹፌሩ ከመንገድ ዳር ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ ኩርባው ጋ ይጥለዋል፤ የሚመጣው ሹፌር «ወንድሜ ከፊት ቆሟል» ብሎ ይረዳል። ቀን ከሆነ፣ የሚመጣውም ቀስ ብሎ ከመጣ ይሠራል። ቅጠል ቢረሳም ይደርቃል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ፍየል ይበላዋል። ድንጋይ ግን አይደርቅም፤ ፍየልም አይበላውም።

ደግሞ ድንጋይ ማታ አይታይም። ትሪያንግል የሚሠራው የመብራትን ጨረር ወደ ሹፌሩ ዓይን ስለሚመልስ ነው፤ ድንጋይ የአስፋልት ዘመድ ነው፣ ቀለሙም እንደ እሱ ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር አልፏል። በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ጎማ ለመቆም ደግሞ ሌላ 35 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ ወደ 70 ሜትር ነው። በ100 ከሆነ ወደ መቶ ሜትር ይጠጋል። የጫነ መኪና ሲሆን፣ ጎማው ያለቀ ሲሆን፣ ዝናብ ሲሆን ከዚያም ይብሳል።

የእኛ ድንጋዮች ከዲኤክሷ ኋላ ሦስት ሜትር ላይ ነበሩ። ሦስት! ማንንም ለማስጠንቀቅ አይበቃም፤ ሹፌሩ ድንጋዩን ካየው እኛንም አይቶናል፣ እኛን ካየንም ረፍዷል። ሰውዬው «መቶ እርምጃ» ያሉት እንዲያው ለአፍ ልማድ አልነበረም። ፊዚክስ አልተማሩ ይሆናል፤ ሒሳቡን ግን እኛ ከተማርነው ይልቅ ያውቁታል።

«ይሰረቃል»፣ «ቀኑ ደርሶ ነው»፣ «መንግሥት ምን ይሠራል?»

ይህን ስናወራ የሚመጡብንን መልሶች እናውቃቸዋለን። በየካፌው ሰምተናቸዋልና አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው «ትሪያንግል ብታቆሙ ይሰረቃል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይሰረቃል። የመንገድ ምልክት ብረቱ ተነቅሎ በሚሸጥበት አገር ትሪያንግል ቢሰረቅ አይደንቀንም። ግን አስቡት፤ ድንጋይ የማይሰረቀው ማንም ስለማይፈልገው ነው፤ ማንም ስለማይፈልገውም እዚያው ቀርቶ የሌላ ሰው ጎማ ይጠብቃል። ትሪያንግል ቢሰረቅ የጠፋው ገንዘብ ነው። ነፍስ ደግሞ ከቁርጥራጭ ሻጭ ተመልሳ አትገዛም።

ሁለተኛው «የሞተው ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ነው። ከፈጣሪ ጋር ጠብ የለንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ይህ «ቀን» የሚባለው ነገር ለምን መብራት ከሌለው የቆመ መኪና ኋላ ይወዳል? ለምን ማታ ማታ ይመጣል? ቤታችን ስንገባ በሩን እንቆልፋለን፤ «የሌባው ቀን ከደረሰ ይገባል» ብለን ክፍት አንተወውም። ለመኪና ሲሆን ብቻ ነው ዕድል አማኝ የምንሆነው። እውነቱን ለመናገር ይህ እምነት አይደለም። ስንፍና ነው፣ የእምነት ነጠላ የለበሰ ስንፍና።

ሦስተኛው «መንግሥት መንገዱን ያስፋ፣ ዳሩን ይሥራ፣ መብራት ያቁም» ነው። እንስማማለን፤ በዚህ ገጽ ደጋግመን እንጠይቃለን። መኪና ሲበላሽ ወጣ ብሎ የሚቆምበት ዳር የሌለው መንገድ፣ ከቦይና ከገደል መካከል የተዘረጋ መንገድ፣ ሹፌሩ ላይ ብቻ የሚላከክ ጥፋት አይደለም። ግን ሸኖና አለልቱ መካከል ያን ድንጋይ የደረደረው የመንገዶች ባለሥልጣን አልነበረም። እኛ ነበርን። ለመንግሥት የምንጠይቀው ጥያቄ ለራሳችን የምንመልሰውን መልስ አይተካም።

የቦሎ ትሪያንግል

መኪናዋን ስንመልስ የጓደኛችንን አጎት ጠየቅናቸው። «ጋሼ፣ ትሪያንግሉ የት ነው?» ሳቁ። «ትሪያንግል? እሱን የቦሎ ጊዜ ከጎረቤት እንዋሰዋለን» አሉን። ያ ጎረቤት ደግሞ የእሳት ማጥፊያውን ከሌላ ይዋሳል። ባጭሩ በሰፈራቸው አንድ ትሪያንግልና አንድ እሳት ማጥፊያ አሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በየመኪናው እየዞሩ ሁሉንም መኪና «ብቁ» ያደርጋሉ። መርማሪው ያያል፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ቦሎ ይለጠፋል። በነጋታው ትሪያንግሉ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

እንግዲህ ይህ ሕግ የለም ማለት አይደለም። ሕጉ አለ፣ ምርመራው አለ፣ ዕቃውም አለ። የጠፋው ዕቃው ለምን እንደሚያስፈልግ ማመን ነው። ለእኛ ትሪያንግል የመርማሪ ግብር ነው፤ ለራሳችን ነፍስ የምንይዘው ነገር አይደለም። መኪናችን ውስጥ ምን እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ መስቀል ወይም መቁጠሪያ፣ የዘፈን ፍላሽ፣ ሽቶ፣ ነጠላ፣ የባዶ ውኃ ፕላስቲክ። ለዘፈኑ የተከፈለው ለትሪያንግሉ ከሚከፈለው አያንስም።

መንጃ ፈቃድ ስናወጣም ነገሩ ያው ነበር። ካምቢዮና ፍሪሲዮን ምን እንደሆኑ በቃላችን ሸመደድን። የምልክቶችን ሥዕል ለፈተና አጠናን። መኪናው መንገድ ላይ ቢቆምብን በየትኛው በር እንደምንወርድ ግን የነገረን አልነበረም። ያን ትምህርት ያገኘነው አለልቱ አጠገብ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ በነፃ፣ ከቁጣ ጋር ነው።

ጋሼ ያስተማሩን

እንግዲህ የሰውዬውን ትምህርት፣ በኋላ አንብበን ካረጋገጥነው ጋር አዳብለን እናካፍላችሁ።

መኪናው ምልክት ሲሰጥ ስሙት። መርፌዋ ቀዩን ስትነካ «አለልቱ ታደርሰናለች» ማለት አይሠራም። ጉልበት እያለው፣ ገና ሲንከባለል፣ ከአስፋልቱ የሚወጣበትን ሜዳ ፈልጉ። ኩርባ ላይና ከአቀበት አናት በስተኋላ አትቁሙ፤ የሚመጣው የሚያያችሁ በመጨረሻዋ ሰከንድ ነው። አራቱን ፍሬቻ አብሩ፤ ባትሪ ያልቃል ብላችሁ አትፍሩ፣ ባትሪ ይሞላል። ተሳፋሪ ሁሉ መኪና በማያልፍበት በኩል ይውረድ። ከወረደም በኋላ ከመኪናው ኋላ ተሰብስቦ ኮፈን ውስጥ እንደ ለቅሶ ቤት ከንፈር አይምጠጥ፤ ከመንገዱ ርቆ፣ ቦዩን ተሻግሮ ይቁም። ብርድ ነው? ብርድ ነው። ጋቢ ልበሱ። ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ (ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም) የቆመ መኪና ሲመታ ውስጡ ያለው ሰው የሚያመልጥበት ጊዜ የለም።

ትሪያንግሉን ሰባ፣ መቶ እርምጃ ወደ ኋላ ወስዳችሁ አቁሙ፤ ስትሄዱ ከፊታችሁ ይዛችሁ፣ ከአስፋልቱ ውጪ እየተራመዳችሁ፣ የሚመጣውን መኪና እያያችሁ። እንደ አዲስ–አዳማው የፍጥነት መንገድ ባለ ቦታ መራመዱ ራሱ የሚያስፈራ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ከብረቱ አጥር ማዶ ሆናችሁ ደውሉ። ትሪያንግል ከትሪያንግሉ ባለቤት አይበልጥም።

ጎማ ስትቀይሩ ሌላኛውን ጎማ በድንጋይ አስይዙ፤ (ድንጋይ ለዚህ ይጠቅማል፣ ስትጨርሱ ግን ያው!) በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የፈነዳው ጎማ በመንገዱ በኩል ከሆነና መኪናውን ማራቅ ካልተቻለ፣ በጠፍጣፋ ጎማም ቢሆን ጥቂት ሜትር ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል። ጎማው ይበላሻል፤ ጎማ ይገዛል።

የጋለ ራዲያተር አይከፈትም። በቃ። ውስጡ ያለው ውኃ በግፊት የታፈነ ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ከተቃጠላችሁም የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለሃያ ደቂቃ ያህል አፍስሱበት፣ ከዚያ ሐኪም። የጓደኛችን እጅ ላይ የለቀለቅነውን ሳሙና ነርሷ ስታጥብ የጮኸውን ጩኸት አንረሳውም።

ስለ ቁልቁለትም አንድ ነገር ብለውናል። ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ ለዓመታት የወጡ የወረዱ ናቸው። «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ነው ሕጋቸው። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የሚከዳው ታች፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። «ፍሬን በጠሰ» እያልን የምናወራው ብዙ ጊዜ በድንገት የተበጠሰ አይደለም፤ ቁልቁለቱን ሙሉ ሲቀቀል የመጣ ነው።

የወደቀ ሰው ላይ የሚደረግ ግርግር

አደጋው ከደረሰ በኋላ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቀን ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወጣት አይተናል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ሰው ከበበው። ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሌሎቹ በቅንነት አንዱ እጁን፣ አንዱ እግሩን ይዘው አንጠለጠሉትና ሚኒባስ ውስጥ አጥፈው ከተቱት። አንዲት እናት «ኧረ ውኃ ስጡት!» ይላሉ። የሁሉም ልብ ጥሩ ነበር፤ ሥራው ግን ሰው የሚገድል ነበር።

የአንገትና የጀርባ አጥንቱ የተጎዳ ሰው እንዲያ ሲጎተት በሕይወት ቢተርፍ እንኳ ዳግም ላይራመድ ይችላል። እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላስፈራ በቀር አታንቀሳቅሱት። ራስ መከላከያውን ከጭንቅላቱ መንጭቃችሁ አታውጡ። ደም ከፈሰሰው ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ያዙ። ውኃም ምግብም አትስጡ። የግድ መነሣት ካለበት ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድ መስመር ይዛችሁ፣ ብዙ ሆናችሁ፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ። አንድ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ መኪና ያስቁም፤ ከበባው ራሱ ሁለተኛ አደጋ የሚፈጠርበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ መስቀል 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ነው። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ሰው ወድቆ እያያችሁ ቁጥር አትፈልጉም።

«ከረዳሁ ፖሊስ ጣቢያ እመላለሳለሁ» የሚል ፍርሃት አለ፤ እናውቀዋለን፣ ከሜዳ የመጣም አይደለም። ግን ሕጉም ሌላ ነገር ይላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ጥሎ የሚሄደውን ነው የሚቀጣው። ስለ ሦስተኛ ወገን መድን የወጣው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ሲወጣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሁሉ እስከ 2 ሺህ ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። «ገንዘብ ማን ይከፍላል?» እየተባባሉ በር ላይ ለሚከራከሩ ሕጉን ጥሩላቸው።

የእኛ ሙያ ጥፋት

የመጨረሻው ክስ በራሳችን ሙያ ላይ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ዜና ስድስት ጥያቄ ይመልሳል ተባልን፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። የመኪና አደጋ ዜና ግን አራቱን መልሶ ይዘጋል። የትራፊክ ፖሊስ ባልደረባውን የአሰፋ መዝገቡን የሬዲዮ ድምፅ እየሰማን ነው ያደግነው፤ ስንት ሰው፣ የት ሰፈር፣ ስንት ብር የሚገመት ንብረት። እሳቸው የድርሻቸውን ተወጥተዋል። እኛ ነን ቁጥሩን ቀድተን «ለምን»ን የተውነው። «ከቆመ መኪና ጋር ተጋጭቶ» ብለን እንጽፋለን፤ ለምን ቆሞ ነበር? ምልክት ነበረው? ድንጋይ ነበር? የትናንቱ ነው ወይስ የባለፈው ሳምንት? አንጠይቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ካሉት ገዳዮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ማለትም እናንተና እኛ። ሠርግ ሄደን የምንመለሰው እኛ።

ሁለት የዘመናችን ጉዳዮችም አሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። እሱ ተገፍቶ አይነሣም፤ ጎማው መሬት እየነካ መጎተትም ሞተሩን ሊያበላሸው ይችላልና መጫን ነው ያለበት። ብርቱካንማ ገመዶቹንም የሰፈር መካኒክ አይነካካቸው፤ ሰው የሚገድል ኃይል አላቸው። ሁለተኛው ስለ ጸጥታ ነው። ሰው በሚታገትባቸው መንገዶች «ከመኪና ውጡና ሜዳ ላይ ቁሙ» ብለን ስንጽፍ ምን እያልን እንደሆነ እናውቃለን። ያን ማታ እኛም ሴቶቹ መኪና ውስጥ የገባነው ከብርዱ ይልቅ ከጨለማው ፈርተን ነበር። ለዚህ ያለን መልስ አንድ ነው፤ በማታ አትነሡ። «ነገ ሥራ አለብን» ብለን የሙሽራዋን እናት እምቢ ያልንበት ሥራ እኮ በነጋታውም ሳንገባበት ቀርተናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የቦሎ መርማሪዎች ትሪያንግሉን ከማየት ይልቅ ባለመኪናውን «አውጥተህ አቁመህ አሳየኝ» ይበሉት። የመንጃ ትምህርት ቤቶች አንዷን የልምምድ ሰዓት ለቆመ መኪና ይስጧት። ጋዜጠኞች «ለምን?» ብለን እንጠይቅ። አንባቢያችን ደግሞ ይህን አንብበህ፣ አንብበሽ፣ ዛሬውኑ ውረዱና የመኪናችሁን ኋላ ክፈቱ። ትሪያንግል ከሌለ ከጎረቤት አትዋሱ፤ ግዙ። መንገድ ላይ የተረሳ ድንጋይ ስታዩም በአስተማማኝ ቦታ ቁሙና ወደ ዳር ጣሉት። ማን እንዳስቀመጠው አትጠይቁ። ምናልባት እኛ ነን።

የእኚያን ሹፌር ስም አልጠየቅናቸውም፤ በሰሌዳቸው እንኳ አናስታውሳቸውም። ይህን ገጽ ያነባሉ ብለንም አንገምትም። ቢሆንም ድንገት ለልጅዎ ወይም ለረዳትዎ ካነበበላቸው ሰው ደርሶ ቢሰሙን፤

ጋሼ፣ ስድስቱን አንሥተናቸዋል። ስለ አምስቱ ግን ዋሽተንዎታልና ይቅር ይበሉን።

መልካም መንገድ።